ትራፊኩ ዝም ያለበት ወር

ሰልፍ ሲያይ ወዲያው አይሰለፍም። መጀመሪያ ዳር ይቆማል። ባንክ ቤትም ይሁን ክሊኒክ፣ የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫም ይሁን የሱፐርማርኬት መክፈያ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ያጠናቸዋል። የትኛዋ ሠራተኛ እጇ ፈጣን ነው፣ የትኛው ከደንበኛ ጋር ወሬ ይወዳል፣ የትኛው ሰልፍ ፊት ላይ ክምር ወረቀት የታቀፈ ሰው ቆሟል። ከዚያ የራሱን ቦታ ከመያዙ በፊት አፉ አያርፍም። «እናቴ፣ እዚያኛው ይሻልዎታል፤ ይኼ ሰውዬ ገና ፎርም መሙላቱ ነው» ይላል። የማያውቁት ሰዎች የቤቱ ሠራተኛ እየመሰላቸው ይታዘዙታል። አንድ ጊዜ ክሊኒክ ውስጥ ሰውን ሁሉ ሲያደላድል የራሱ ተራ አልፎት፣ ያበጠ ጉንጩን ይዞ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ትራፊኩ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ግን ለዚህ አመሉ ሳይሆን ለሥራው ነው። ከየሆስፒታሉ የሚላከው ደም አንድ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ውስጥ ይመረመራል፤ ውጤቱም በወረቀት አይመለስም። ሐኪሙ ክፍሉ ቁጭ ብሎ የበሽተኛውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፍ ይመጣለታል። ይህን ውጤት የሚያቀብሉ አራት ሰርቨሮች አሉ። ከአራቱ ፊት አንድ አከፋፋይ ፕሮግራም ቆሞ፣ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ እየተቀበለ ይህን ወደ አንደኛው፣ ያንን ወደ ሦስተኛው ይመራል፤ አንዱ ሲደክመው ከጫንቃው ላይ አንስቶ ለሌላው ያሸክማል። አከፋፋዩ ማንን ወዴት እንደሚልክ የሚያውቀው ከቅንብር ፋይሉ ነው። የቅንብር ፋይሉን የሚጽፈው ደግሞ ትራፊኩ ነው።

አማቱ ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ ውስጥ የያዙት ቅጽል ስሙን ብቻ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ የልጃቸው ባል ትራፊክ ፖሊስ መሆኑን ተናግረዋል።

«ልጄ፣ ያ የወንድሜ ልጅ መንጃ ፈቃዱን ተቀማ» ብለው ደወሉለት አንድ ቀን።

«እማማ፣ እኔ እኮ ትራፊክ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ፣ ዩኒፎርም እንደማትለብስ ነግራኛለች። ግን ለሚለብሱት ጓደኞችህ ብትነግርልኝ ምን ይልሃል?»

ከዚያ በኋላ ማስረዳቱን ተወው።

ፋይሉ ሲጀመር አንድ ገጽ የማይሞላ፣ ሥርዓት ያለው፣ ለዓይን ደስ የሚል ነገር ነበር። ከዚያ አንድ ሆስፒታል ተጨመረ፤ ለእሱ ጥቂት መስመር ገባ። ሌላው የራሱ ፍላጎት ነበረው፤ ለእሱም ገባ። አንዱ ሰርቨር ታሞ ሰነበተ፤ እስኪያገግም ተብሎ መዞሪያ መንገድ ተጻፈለት፤ ካገገመ በኋላም መዞሪያውን የሚያነሳ ጠፋ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ፋይሉ ማንም የማይገባበት ሰፈር ሆነ። መሐሉ ላይ ትራፊኩ ራሱ የጻፋቸው ማስታወሻዎች አሉ፤ «ይህን አትንኩ» ይላሉ፣ ለምን እንደማይነካ ግን አይናገሩም። «ለጊዜው» ተብላ የገባች አንዲት መስመር ሴት ልጁ በተወለደችበት ሰሞን ገብታ፣ ልጅቱ ፊደል ስትቆጥርም እዚያው ነበረች። እሱ ብቻ መብራት በጠፋበት ቤቱ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው፣ ምንም ሳይደናቀፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድበታል።

ይህ ያስከብረዋል፤ ደግሞም ያስረዋል። ሠርግ ላይ ተደውሎለታል፤ ቀብር ላይ ተደውሎለታል፤ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተደውሎለት ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ሮጧል። ፋርማሲስት የሆነችው ሚስቱ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ በሚያስኬድ ሌላ ከተማ፣ እናቷ በሚኖሩበት፣ የተሻለ ሥራ አግኝታ ልጃቸውን ይዛ ስትሄድ፣ «እከተላችኋለሁ» ብሎ ሻንጣ ጭኖላቸው ቀረ። የላቦራቶሪው ቅርንጫፍ እዚያ ከተማ አለ፤ ሰው እንደሚፈልግም ጽፏል። የዝውውር ወረቀቱ ግን አለቃው ጠረጴዛ ላይ ከቀን ወደ ቀን ፀሐይ እየመታው ቢጫ እየሆነ ሄዷል።

«ጋሼ፣ ያ ወረቀት» አለ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ።

አለቃው ዕድሜያቸው ለጡረታ የተቃረበ፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ናቸው። «አየሁት። አልፈርምም ማለቴ አይደለም። አንተ የሄድክ ዕለት ይኼ ነገር ቀጥ ቢል ማንን ልጥራ?»

«ይደውሉልኛል።»

«እንግዲያው አልሄድክማ። ደመወዝህ እዚያ፣ ጭንቅላትህ እዚህ። እሷስ ምን ትላለች?»

ሚስቱ ይህንኑ ነበር የምትለው፣ ቃል በቃል ባይሆንም።

«ስማ» አሉ አለቃው። «መጀመሪያ ፋይሉን ሰው እንዲያነበው አድርገህ አስተካክለው። ከዚያ ሁለቱ ልጆች አንድ ወር ሙሉ ያላንተ ይሥሩበት። አንተ እዚያው ክፍል ቁጭ ትላለህ፤ ኪቦርድ አትነካም፣ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ወሩ በሰላም ካለቀ ያኑ ዕለት እፈርማለሁ።»

ትራፊኩ ከአለቃው ራስ በላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ተመለከተ። ለማስተካከሉ ጥቂት ሳምንት ቢወስድበት፣ ከዚያ ወሩ ሲጨመር፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ይደርሳል። ልጁ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ በመጀመሪያው ቀን እጇን ይዞ እስከ ክፍሏ በር ሊያደርሳት ቃል ገብቶላታል። በስልክም የምታስታውሰው ይህንኑ ነበር፣ «አባዬ፣ በሩ ድረስ እንጂ ግቢው ድረስ አይደለም» እያለች።

«ይሁን» አለ።

የማስተካከሉ ሥራ ሲጀመር ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራው የተደሰተ መሰለ። ያን ሰፈር የመሰለ ፋይል ከላይ ጀምሮ እያፈረሰ፣ ለእያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን አጭር ፋይል ሰጠው። የአራቱን ሰርቨሮች ስም የያዘውና ውጤቱን የሚያከፋፍለው ክፍልም የራሱ ፋይል ወጣለት፤ «የውጤት ፋይል» ተባለ። ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ተደረደሩ። ዋናው ፋይል ከዚያ ሁሉ ክብደት ተገላግሎ ሲያበቃ አንድ ስክሪን እንኳ የማይሞላ ቀረ፤ በመጨረሻው መስመር ላይ አከፋፋዩን የሚያዘውም «በዚህ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ አንብብ» ብሎ ብቻ ነው። «ለጊዜው» የተባለችዋን መስመር ያጠፋት ዕለት እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ምን እንደሚመጣ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ለዓመታት ምንም ሳትሠራ እዚያ ኖራለች።

ሥራውን የሚረከቡት ሁለቱ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። አንደኛዋ «መርማሪዋ» ናት፤ አንድ ነገር ሲነገራት «ለምን?» ትላለች፣ ሲመለስላት ለመልሱም «ለምን?» አላት። ሁለተኛው «በጠቅላላው» ነው፤ የጠየቁትን ሁሉ በዚህች ቃል ጀምሮ በሁለት ቃል ስለሚጨርሰው። ስምምነቱ ሲነገራቸው በጠቅላላው «በጠቅላላው ችግር የለም» አለ። መርማሪዋ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«አንድ ወር ሙሉ አንድም ነገር አልጠይቅህም?»

«አንድም።»

«እኔን ጥያቄ መከልከል ማለት እኮ አፍንጫዬን ይዞ ተንፍሺ ማለት ነው።»

«በአፍሽ ተንፍሻ» አለ በጠቅላላው።

«እሱም ተከልክሏል እኮ።»

ትራፊኩ ከመልቀቁ በፊት ያለውን ሁሉ አሳያቸው። ከሁሉ አብልጦ ያጠበቀባቸው አንድ ነገር ነበር፤ ማንኛውም ፋይል ከመነካቱ በፊት ኮፒው እዚያው ከጎኑ ይቀመጣል፣ ስሙ መጀመሪያ ላይም የዕለቱ ቀን ይጻፋል። የተነካው ከተበላሸ የትናንቱ አጠገቡ አለ። ይህ ልማድ በአሮጌው ፋይል ዘመን ስንት ጊዜ ከውርደት አውጥቶታል። «ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ ይኼን አትርሱ፤ ኮፒ ሳታስቀምጡ እጃችሁ እንዳይነካ» አላቸው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። መርማሪዋ እንኳ ለምን አላለችም።

ወሩ ተጀመረ። አለቃው ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ብለው፣ ዕቃ ግምጃ ቤት የተከመሩ አሮጌ ኪቦርዶችን እየፈተሸ የሚሠራውን ከማይሠራው እንዲለይ ሰጡት። ኪቦርድ እንዳይነካ የተፈረደበት ሰው በመስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ይነካል፤ ከአንድ መፈተሻ ስክሪን በቀር ከምንም ጋር ያልተገናኘ ኪቦርድ። ሌሎቹ ሲሠሩ ጆሮው ወደነሱ ነው። ሲሳሳቱ ጆሮ ግንዱ ይቀላል፤ ሲያርሙት ይነጣል። መርማሪዋ ይህን ስላወቀች አንዳንድ ጊዜ ወደ ስክሪኗ ሳይሆን ወደ ጆሮው ትመለከት ጀመር፤ አንድ ቀን ነቅቶባት ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ይኼም ማጭበርበር ነው እንዴ?» አለች።

ትራፊኩ አልመለሰም። መመለስ አልተፈቀደለትም።

የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ማታ ማታ ሚስቱ ትደውላለች። «ዛሬስ አፍህን ያዝክ?» ትለዋለች። «ያዝኩ» ይላታል። ልጁ ከኋላ ሆና ስለ ቦርሳዋ ቀለም ትጮሃለች። አልጋ ገዝተው ክፍል ውስጥ አስገብተውለታል፤ አማቱ ሰፈሩን ሁሉ ትራፊኩ በቅርቡ እንደሚመጣ አስጠንቅቀው አንዳንድ ሹፌሮች ከወዲሁ ሰላም ይሏቸው ጀምረዋል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ከአራቱ ሰርቨሮች ትልቁን ከሥራ የማሳረፍ ተራ ደረሰ። ይህ ሰርቨር «ሽማግሌው» ይባላል፤ ማቀዝቀዣው እንደሚያስል ሰው ይንፈቀፈቃል፤ አልፎ አልፎም ያንኮራፋል። ጨርሶ አይዘጋም፤ የድሮ ዓመታት ውጤት እሱ ላይ ስላለ ለመዝገብ ይቆያል። አዲስ ውጤት ግን ከእንግዲህ አይላክለትም፤ ሐኪሞችም ወደ እሱ መመራት የለባቸውም። በጠቅላላው የውጤት ፋይሉን ከፈተ። እንደተማረውም መጀመሪያ ኮፒ አደረገ፣ ቀኑን ከስሙ ፊት ጽፎ እዚያው ከጎኑ አስቀመጠው። ከዚያ ከራሱ ከውጤት ፋይሉ ውስጥ የሽማግሌውን ስም አጠፋ፤ አከፋፋዩንም እንደገና እንዲያነብ አዘዘው። አከፋፋዩ ምንም አላጉረመረመም። ከላቦራቶሪው አዲስ ውጤት ወደ ሽማግሌው የሚገባበትንም ሌላ መስመር ዘጋ።

«በጠቅላላው ሰላም ነው» አለና እጁን አፋተገ።

ሻይ ሰዓት ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ። መርማሪዋ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ አነሳችው። ከአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርስ ነበረች።

«የአንድ ልጅ የደም ውጤት አለ፤ ደግሞ የለም» አለች ነርሷ።

«እንዴት ያለ አለ፣ እንዴት ያለ የለም?»

«አየሁት እኮ እህቴ። ሐኪሙን ጠርቼ ስመለስ ‹ውጤት አልደረሰም› ይላል። ሐኪሙ ደግሞ ሲነካው መጣለት። እኔን ጠምዶኝ ይሆናል።»

መርማሪዋ የልጁን ቁጥር ተቀብላ በራሷ ስክሪን ትሞክር ጀመር። በነካች ቁጥር የምታየውን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ለሰው ሳይሆን ለራሷ። «አለ። አለ። አለ። የለም። አለ። አለ። አለ። የለም።»

ትራፊኩ እጁ ላይ የነበረውን ኪቦርድ አስቀመጠ። ድምፁ ዜማ ነበረው፤ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች። ከአራት ጥሪ አንዱ ምንም አዲስ ነገር ወደማያውቅ ሰርቨር እየሄደ ነው። ሽማግሌው ዛሬም ተራውን ይዞ ቆሟል፤ ከጠዋት ወዲህ ምንም የነገረው ሰው ስለሌለ፣ ሲጠየቅ የሚያውቀውን ይናገራል። የለም ይላል።

«ሽማግሌው ነው» አለች መርማሪዋ ወዲያው።

«ሽማግሌውን እኮ አውጥቼዋለሁ» አለ በጠቅላላው። የውጤት ፋይሉን ከፍቶ አሳያት። እውነቱን ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ሦስት ስም ብቻ አለ። «እይው፤ የለም።»

«ታዲያ ለምን እሱ ጋ ይልከዋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ናፍቆት ይሆናል።»

አከፋፋዩን እንደገና አስነበቡት። አለ፣ አለ፣ አለ፣ የለም። አጥፍተው አስነሱት። አለ፣ አለ፣ አለ፣ የለም። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ቃል በቃል አነበቡት፤ እንከን የለውም።

እንከኑ የት እንዳለ ትራፊኩ ያወቀው በዚህ መሐል ነው። ያወቀውም ከዕውቀት ይልቅ ከእፍረት ጋር ነው፤ ጆሮ ግንዱ ጋለ። አሮጌው ፋይል አንድ ብቻ በነበረ ጊዜ አከፋፋዩ የሚያነበው እሱን ብቻ ነበር፤ ከጎኑ መቶ ኮፒ ቢኮለኮል ዞር ብሎ አያየውም። አሁን ግን በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንብብ ተብሏል፤ ያለውን ሁሉ ያነባል። ኮፒውም አለ። ኮፒው ውስጥ ሽማግሌው አለ። ስሙ በቀን ስለሚጀምር በተራ ከውጤት ፋይሉ ይቀድማል፤ አከፋፋዩ ስለ አንድ ነገር ሁለት ትእዛዝ ሲያገኝ ደግሞ መጀመሪያ ያነበበውን ይዞ ሁለተኛውን በዝምታ ያልፈዋል። በጠቅላላው ያስተካከለውን ፋይል ማንም አላነበበለትም። ያጠፋቸው ስህተት ሳይሆን ታዛዥነታቸው ነው። ትራፊኩ አዲሱን ቤት ሲሠራ የአሮጌውን ቤት ልማድ ይዞ ገብቷል።

ይደርሱበታል አለ በልቡ። መርማሪዋ ናት፤ ትደርስበታለች። ተነሥቶ ወደ መታጠቢያ ክፍል ሄደ። እጁን ታጠበ። ንጹሕ እጁን ደግሞ ታጠበ። በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ምንም አዲስ ነገር አልነገረውም። ከወሩ የቀረው ትንሽ ነው፤ ያን ካለፈ አውቶቡስ ላይ ነው። እዚያ ከተማ አልጋ ተገዝቷል።

ሲመለስ ስልኩ እንደገና ክፍሉን ሞልቶታል። ያችው ነርስ ናት።

«ሐኪሙ ቅድም አላመነውም» እያለች ነበር። «ውጤቱ ከጠፋ ናሙናው ተበላሽቷል ብሎ ልጁን ሁለተኛ ወጉት። የናንተ ነገር ካልተስተካከለ ሦስተኛ ሊወጉት ነው። እናቱን ብታያት።»

«ደጋግመሽ ንኪው፤ ሲመጣ አትሚው» አለቻት መርማሪዋ። ድምፅዋ ተረጋግቶ ነበር። ስልኩን ስትዘጋ ፎልደሩን ከፍታ የፋይሎቹን ስም ዝርዝር እያየች ነበር፤ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል።

«ኮፒው» አለ ትራፊኩ።

በጠቅላላው አፉን ከፍቶ ቀረ። መርማሪዋ አልዞረችም፤ ጣቷ ግን ቆመ። የቆመው በኮፒው ስም ላይ ይሁን ከእሱ በላይ ባለችው መስመር ላይ፣ እሱ ከቆመበት አይታይም።

«አይቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?» አለ በጠቅላላው።

«ያስቀመጥከውን ኮፒ። አከፋፋዩ የሚያነበው እሱን ነው። ያንተን ትቶታል።»

«ኮፒ አስቀምጡ ያለን ማን ሆነና?» በጠቅላላው ወደ ትራፊኩ ዞረ። «አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ኮፒውን ወደ ሌላ ፎልደር ወሰደችው፤ አከፋፋዩንም አስነበበችው። «አለ። አለ። አለ። አለ» አለች። ለነርሷ ደውላ ልጁን እንዲተዉት ነገረቻት። ማንም ሳይነግራትም፣ ከእንግዲህ ኮፒ የሚቀመጥበት የተለየ ፎልደር ከፈተች፤ አከፋፋዩም ስማቸው በተወሰነ ምልክት የሚያልቅ ፋይሎችን ብቻ እንዲያነብ በዋናው ፋይል ላይ አስተካከለች። ይህን ትራፊኩ አላሰበውም ነበር። ሁሉን ጨርሳ ወንበሯን አዞረች።

«ትንሽ ብትታገሥ ምን ነበረበት?»

«ልጁን ሊወጉት እኮ ነው።»

«እኔም ጆሮ አለኝ። ጣቴ የት እንደነበረም ታይቶሃል።» ወደ ጆሮው ተመለከተች። «ለልጁ ብለህ ነው ወይስ አላስችል ብሎህ?»

ትራፊኩ አንዱን ኪቦርድ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ክልከላው ያኔ ፈርሷል፤ መናገር ይችል ነበር።

አለቃው የስልኩን ጩኸት ሰምተው መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ተናገረ?» አሉ።

በጠቅላላው ጣራውን ማየት ጀመረ። መርማሪዋ «ተናገረ» አለች። ከዚያ ለመርዳት ይመስላል፣ «ሳንጠይቀው ነው ግን» ብላ ጨመረች።

«እሱማ የባሰ ነው» አሉ አለቃው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ከአንድ እንጀምራለን።»

«ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው።»

«አውቃለሁ፤ እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ። ግን አንተ ባትኖር ዛሬ ምን ይሆን እንደነበር አላየሁም። ማየት የፈለግሁት እሱን ነው፤ አላሳየኸኝም።» ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉ። «ይኼን ደግሞ ልጨምርበት፤ ሕመምተኛ ያለበት ነገር ነውና። እነሱ ሲቸግራቸው ይጥሩህ፤ ቢጠሩህ አልቆጥርብህም። ሳይጠሩህ ብትናገር ግን እቆጥርብሃለሁ።»

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ከጀርባዋ ሳህን ሲታጠብ ይሰማል።

«ሦስተኛ ሊወጉት ነበር ነው የምትለኝ?»

«ሊወጉት ነበር።»

«እሺ። ተው ብዬ አልቆጣህም። እኔም ብሆን እናገር ይሆናል። ለሷ ግን አንተው ንገራት፤ እኔ መልእክተኛ አይደለሁም።»

ለልጁ ነገራት። ልጅቱ አላለቀሰችም። «ታዲያ በሩ ድረስ ማን ያደርሰኛል?» አለች ብቻ፤ እማዬ ሲላት «እሷማ ሁልጊዜ አለች» ብላ ስልኩን ለአያቷ ሰጠችው። አማቱ ወረፋቸውን ተቀብለው፣ መንጃ ፈቃዱ አሁንም እንዳልተመለሰ አስታወሱት።

ትምህርት ቤት የተከፈተ ዕለት ትራፊኩ ከኪቦርዶቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጁ በእናቷ ስልክ ደወለችለት።

«አባዬ፣ ዛሬ መንገድ ላይ እውነተኛ ትራፊክ አሻገረን።»

«እውነተኛ?»

«ፊሽካ ያለው።»

«በሩ ድረስስ?»

«በሩ ድረስ እማዬ። ክፍሉ ሁለት በር አለው፤ በየትኛው እንደምገባ ግን አላወቀችም።» ከዚያ የምትቀመጥበትን ወንበር፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ፣ የልጅቷን ማስቲካ ነገረችው። ሁሉንም እንደ ተራ ነገር ነገረችው፤ እሱም እንደ ተራ ነገር ሰማት። ስልኩ ሲዘጋ ኪቦርዱን አንስቶ አንድ ፊደል ደጋግሞ ተጫነ፤ ፊደሉ ይሠራል።

ሁለተኛው ወር ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። ስህተት አልጠፋም፤ ሁለቱም ሰዎች ናቸው። አንድ ጊዜ በጠቅላላው የአንዱን ሆስፒታል ፋይል ከሌላው ጋር አቀያይሮ፣ እስኪደርስበት ድረስ ላቡ በጀርባው ወረደ። አንድ ጊዜ መርማሪዋ ራሷ የጻፈችውን መልሳ ለራሷ «ለምን?» እያለች ስትመረምር ግማሽ ቀን ፈጀች። አንድም ቀን ግን አልጠሩትም። ትራፊኩ ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጥ ተወ፤ ጆሮ ግንዱም እንደ ድሮው አይቀላም፤ ወይም መርማሪዋ ማየቱን ትታለች። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኪቦርዶቹ አለቁ። የሚሠሩት በአንድ ካርቶን፣ የማይሠሩት በሌላ ካርቶን ሆነው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ፤ እሱ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ቀረ።

ስልኩ የጮኸው በዚህ ባዶ ሰዓት ነው። መርማሪዋ አነሳችው፤ በዚህ ጊዜ ክፍሉ እንዲሰማ አላደረገችም። ሰማች፣ «እሺ» አለች፣ ቁጥር ጻፈች፣ ዘጋች። በሁለቱ ቅንድቦቿ መሐል አንዲት ቀጭን መስመር ታየች። ወደ ስክሪኗ አዘነበለች። በጠቅላላው ወንበሩን ከነመሽከርከሪያው እየጎተተ ወደ እሷ ተጠጋ።

«ለምን?» አለች። የተናገረችው ለስክሪኑ ነበር።

ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ከሦስቱ ሰርቨሮች የአንዱ ጫና ቀስ እያለ ሲወጣ ይታያል። ምክንያቱ ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችል ትራፊኩ ገባው፤ ሁለቱም የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳሉ ታየው። ከንፈሩ ተላቀቀ። እንደገና ገጠመው። ሁለቱ ራሳቸውን አንድ ላይ አድርገው ዝቅ ብለዋል፤ አንዱ ይጠቁማል፣ አንዷ ትጽፋለች፣ አንዱ «በጠቅላላው» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርሰው ይተዋል።

ተነሣ። ጃኬቱን ከወንበሩ ጀርባ ላይ አነሳ። በሩን ሲከፍት ትንሽ ጮኸ፤ ቀና ያለ ግን አልነበረም። ደረጃውን ወረደ። መግቢያው ላይ ያለው ጥበቃ ፍተሻውን ትቶ ተመለከተው።

«ዛሬ ምነው በጊዜ?»

«ንፋስ ልቀበል ብዬ ነው።»

«ላይ ሰላም ነው?»

«እነሱን ጠይቃቸው» አለ ትራፊኩ፤ ጃኬቱን እየለበሰ ወጣ።

የእግረኛው መንገድ እየተጠገነ ስለነበር በአስፋልቱ ጠርዝ ሄደ። ፎቶ ቤቱን አለፈ፤ ቀጥሎ ያለውን የመስታወት መቁረጫ አለፈ፤ አንድ መስታወት የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ሲመጡ ቆሞ አሳለፋቸውና ቀጠለ። ከፍጥነቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ግራጫ ጃኬቱ ከሌሎች ጃኬቶች መሐል ጥቂት ጊዜ ተለይቶ ታየ። ከዚያ ማዕዘኑን ዞረ።